ከማኅፀን ካንሰር ሕክምና በኋላ እናቶቻችንንና እህቶቻችንን ስለ መደገፍ

(ይህ ጽሑፍ በመረዳጃ ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረገው ንግግር ነው። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በኮሚቴው ትእዛዝ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። በንግግሩ መጨረሻ ከቀረቡት 5 የውሳኔ ሐሳቦች 4ቱ የጸደቁ ሲሆን፣ 5ኛው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።)

የተከበሩ ሊቀ መንበር፣ የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፣ እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤

በዛሬው አጀንዳ በ3ኛ ተራ ቁጥር የተያዘውን ጉዳይ እንዳስረዳ ኮሚቴው ስላዘዘኝ ከፊታችሁ ቆሜአለሁ። አስቀድሜ ግልጽ ላድርገው፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። የእኔ ሥራ ስም መጥራት፣ ቃለ ጉባኤ መጻፍና ደረሰኝ መቁረጥ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ከጤና ጣቢያ ነርሶች ጠይቄ የተረዳሁትንና ታክመው ከተመለሱ እናቶች አፍ የሰማሁትን ነው። ጉዳዩ የሴት ገላ ነገር ስለሆነ አንዳንዱ ቃል ያሳፍር ይሆናል። እኔንም አሳፍሮኛል። ነገር ግን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባል የለ? ስለዚህ በትዕግሥት አድምጡኝ።

በመጀመሪያ አንድ ጥፋቴን ልናገር።

እንደምታውቁት በደንባችን መሠረት ሦስት ጊዜ ከቀብር የቀረ አባል ይቀጣል። ቀሪ የሚጽፈውም ጸሐፊው ነው። ከአባሎቻችን አንዲቱ እናት ከዚህ ቀደም ቀርተው የማያውቁ፣ ለቅሶ ቤት ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱ፣ ሽንኩርት ሲከትፉ የሚያድሩ ነበሩ። አንድ ጊዜ ቀሩ። ሁለተኛም ቀሩ። ሦስተኛ ሲቀሩ እኔ በደንቡ መሠረት ቅጣት ጻፍኩ። እሳቸውም አንድ ቃል ሳይናገሩ ገንዘቡን በልጃቸው እጅ ላኩ። እኔም ደረሰኝ ቆርጬ መዝገቤን ዘጋሁ። ሥራዬን በትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ከጊዜ በኋላ ለሌላ ጉዳይ ወደ ቤታቸው ስሄድ ተኝተው አገኘኋቸው። ግማሽ ሆነዋል። ነገሩን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። የማኅፀን በር ካንሰር ተገኝቶባቸው ለአምስት ሳምንት ያህል፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ የጨረር ሕክምና ሲወስዱ፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ መድኃኒት በደም ሥራቸው ሲሰጣቸው ከርመዋል። ቀሪ ብዬ የጻፍኩባቸው ሕክምናው ካለቀ በኋላ በነበሩት ወራት ነው። «እማማ፣ ታዲያ ሕክምናው ካለቀ ወዲያ ለምን ቀሩ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ሕክምናው አለቀ እንጂ እኔ መች አለቀልኝ? ሽንቴ ያጣድፈኛል፤ ሆዴ እንደ ውኃ ይሆናል። አውቶቡስ ላይ ግማሽ ሰዓት ተቀምጬ መቃብር ድረስ እንዴት ልሂድ? በሰው ፊት ልብሴ ቢበላሽስ?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?» አልኳቸው።

«ለወንድ ጸሐፊ ምን ብዬ ልንገር?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። ገንዘቡን እንድንመልስላቸው አልጠየቁም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቀሪ ብለህ የጻፍከውን ሰርዝልኝ፤ እኔ ቀርቼ አላውቅም» አሉ። መዝገብ ደግሞ ያለ ጠቅላላ ስብሰባ ፈቃድ አይሰረዝም። ዛሬ ይህን ንግግር የማደርገው በዚህ ምክንያት ነው። ነገሩን እንድናገር ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልናገርም። እናንተም «ማን ናት?» እያላችሁ አትፈልጉ፤ አደራ!

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

1ኛ/ በሽታው ምንድን ነው?

ድሮ ነቀርሳ እንለው የነበረው ካንሰር በሴቶች የመራቢያ አካል ላይ በልዩ ልዩ ቦታ ይነሣል። በማኅፀን በር፣ በማኅፀን በራሱ፣ በእንቁላል ማምረቻው ላይ ይወጣል። በአገራችን ከሴቶች ካንሰር መካከል የጡት ካንሰር አንደኛ ሲሆን፣ የማኅፀን በር ካንሰር ሁለተኛውን ቦታ ይዟል።

የማኅፀን በር ካንሰር ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚመጣው ሂውማን ፓፒሎማ ከሚባል ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ሲሆን፣ ትዳር የያዘ ሰው አብዛኛው በዕድሜው አንድ ጊዜ ያገኘዋል። ብዙውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል። በጥቂቶቹ ላይ ግን ተደብቆ ይቆይና ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ካንሰር ይለወጣል። ስለዚህ አንዲት ሴት ይህ በሽታ ሲገኝባት «ምን ብትሠራ ነው?» ብሎ ማማት ትልቅ ኃጢአት ነው። በአንድ ባሏ ጸንታ የኖረች ሴትም ይይዛታል፤ ባልየውም ሳያውቀው ተሸክሞት ሊሆን ይችላል።

2ኛ/ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ምን ይቀራል?

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሕክምና ጨርሳ ስትመለስ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ!» ብለን ቡና ጠጥተን እንወጣና በማግሥቱ እንደ ዱሮዋ እንድትሆን እንጠብቃለን። እሷ ግን ገና መንገድ ላይ ናት። ነርሶቹ እንዳስረዱኝ የሚቀሩት ችግሮች ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

ሀ/ ድካም። ይህ ተኝተው ሲነሡ የሚለቅ ድካም አይደለም፤ ለወራት ይቆያል። ስንፍና አይደለም። የሚረዳው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት በእግር መንቀሳቀስና ሥራን ከፋፍሎ መሥራት ነው።

ለ/ ሽንትና ሆድ። ጨረር ሲሰጥ ፊኛውና አንጀቱ አጠገብ ስለሆኑ ይጎዳሉ። ሽንት ያጣድፋል፤ ተቅማጥ ይመላለሳል። አንዳንድ ጊዜ ችግሩ የሚብሰው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ በርበሬ የበዛበት ወጥ አይስማማትም፤ አልጫ ይሻላታል። ቡናም ሽንትን ሊያጣድፍ ይችላል። ስለዚህ ቡና ጠርታችኋት «ይቅርብኝ» ስትል ንቃን ነው አትበሉ።

ሐ/ የወር አበባ መቋረጥ። ገና በወጣትነቷ ጨረር የወሰደች ወይም የእንቁላል ማምረቻዋ የወጣ ሴት ድንገት ታርጣለች። ሙቀት ይፈላባታል፣ ያልባታል፣ እንቅልፍ ያሳጣታል፣ ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች። ይህ ክፉ ጠባይ አይደለም፤ የሰውነት ለውጥ ነው። ለዚህም ሐኪም የሚሰጠው ምክርና መድኃኒት ስላለ ዝም ብሎ መቻል አያስፈልግም።

መ/ መውለድ አለመቻል። ከመካከላቸው አንድም ሳይወልዱ የታከሙ አሉ። እኛ ደግሞ በየሰርጉና በየክርስትናው «አንቺስ መቼ ነው?» ማለት እንወዳለን። ይኼ ጥያቄ ቢላዋ ነው። እንተወው።

ሠ/ የእግር እብጠት። አንዳንዶቹ ላይ አንዱ ወይም ሁለቱም እግር ያብጣል። ሲቀመጡ እግርን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይረዳል። ድንገት ካበጠ፣ ከቀላ፣ ካተኮሰ ግን ሳይዘገይ ወደ ሕክምና መሄድ ነው።

ረ/ የባልና ሚስት ነገር። ከጨረር በኋላ የሴቲቱ ብልት ይደርቃል፤ ይጠባል። ሐኪም ቤት ተገቢውን መሣሪያና ምክር ይሰጣሉ፤ ለድርቀቱም ከመድኃኒት ቤት የሚገኝ ማለስለሻ አለ። ብዙ ሴቶች ግን ስለሚያፍሩ አይጠይቁም። መጠየቅ መብታቸው ነው። መቼ ወደ ባልና ሚስት ኑሮ መመለስ እንደሚቻልም የሚወስነው ሐኪሙና የእሷ ፈቃድ እንጂ የባልየው ችኮላ አይደለም።

3ኛ/ ልንተዋቸው የሚገቡ የተሳሳቱ አባባሎች

«ካንሰር ይጋባል» የሚል አለ። አይጋባም። በአንድ ትሪ በመብላት፣ በአንድ ስኒ በመጠጣት፣ በአንድ አልጋ በመተኛት ካንሰር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ካንሰሩ ራሱ በግንኙነት ከሚስት ወደ ባል አይተላለፍም።

«ጨረር ወስዳለችና ሕፃን አታስጠጉ» የሚልም ሰምቻለሁ። ሕክምናው አልቆ ወደ ቤቷ ከተመለሰች በሰውነቷ የቀረ ጨረር የለም። የልጅ ልጇን ትቀፍ፤ ትሳም። ያ ለእሷ ራሱ መድኃኒት ነው።

«ጸበል ከጀመርሽ የሐኪም ቤቱን ተዪ» የሚባለውም ስሕተት ነው። በሃይማኖቴ እኔም ጸበል እጠመቃለሁ። ነገር ግን ጸበሉ ቀጠሮን አይከለክልም። ሙስሊም ወገኖቻችንም ዱዓቸውን እያደረጉ ቀጠሯቸውን ያክብሩ። ጾምን በሚመለከት ደግሞ የታመመ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር፤ ሙስሊሟም ለታመመ የተፈቀደውን ታውቃለች። የከሳ ሰውነት እንቁላልና ወተት ይፈልጋል።

4ኛ/ ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ከባል፦ ከሁሉ በፊት አትሽሹ! ታክማ ስትመለስ አልጋ የለየባት፣ ከዚያም ቤት የለየባት ሴት አለች። በሽታው ያላደረሰባትን ጉዳት ባሏ አደረሰባት። ሐኪም ዘንድ አብራችሁ ግቡ፤ እሷ አፍራ የማትጠይቀውን እናንተ ጠይቁ። ዝም ብሎ አጠገቧ መቀመጥም አንድ ሥራ ነው።

ከልጆች፦ ሸክሙን ውሰዱ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ማኅፀኗ በኦፕራሲዮን የወጣ ሴት ቢያንስ ለ6 ሳምንት ያህል ከባድ ነገር ማንሣት የለባትም። በሰፈራችን ውኃ በፈረቃ ስለሆነ በሌሊት ተነሥቶ የሚቀዳው ማን ነው? እሷ ናት እኮ! ይህ መቅረት አለበት።

ከጎረቤት፦ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የምንለው ለዚህ ጊዜ ነው። በቡድን ሆኖ ሄዶ ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ማድከም ሳይሆን፣ አንድ ሰው ሄዶ አንድ ሥራ ሠርቶ መመለስ ይሻላል። እንጀራ ጋግራችሁ ላኩ። ልብስ እጠቡ። ስትጠይቋትም «እገሊት በዚሁ በሽታ ሞተች» የሚለውን ወሬ ደጅ ላይ ጥላችሁ ግቡ። «ዛሬ ምን ልሥራልሽ?» ማለት ይበቃል። ማውራት ከፈለገች አድምጡ፤ ካልፈለገች ዝም በሉ። የቀጠሮዋ ቀን ሲቃረብ ፍርሃቷ እንደሚብስ እወቁ፤ በዚያ ሰሞን ብቻዋን አትተዋት።

ለቅሶ ቤት ወይም ሰርግ ስትመጣም ከበሩ አጠገብ ቦታ ስጧት፤ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ አንዲት ሴት ቀስ ብላ ታሳያት። ይኼ ምንም ገንዘብ አያስወጣም። ነገር ግን አንዲት እናት ከሰው መሐል እንዳትቀር ያደርጋል።

5ኛ/ ቀጠሮና የሚያሠጉ ምልክቶች

በሽታው ሊመለስ የሚችለው በይበልጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ስለሆነ፣ ሐኪሞች በእነዚህ ዓመታት ከ3 እስከ 6 ወር ባለ ጊዜ ውስጥ ይቀጥራሉ፤ ከዚያ በኋላ ቀጠሮው እየራቀ እስከ 5ኛው ዓመት ይዘልቃል። «ደኅና ነኝ» ብሎ ቀጠሮ መቅረት አይገባም። ከቀጠሮም በፊት ቢሆን እነዚህ ሲታዩ ሳይውል ሳያድር መሄድ ነው፦ ደም መፍሰስ፣ መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ፣ የማይለቅ የወገብ ወይም የሆድ ሕመም፣ ሽንት ወይም ሰገራ ያለ መንገዱ መውጣት፣ በሽንት ወይም በሰገራ ደም መታየት፣ የአንድ እግር ማበጥ፣ የማይተው ሳል፣ ያለ ምክንያት መክሳት።

ለብዙ ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጅማና በሐረር ጭምር ተጀምሯል። እንደዚያም ሆኖ ከክፍለ ሀገር መጥተው በሰፈራችን ዘመድ ቤት ተጠግተው የሚታከሙ ሴቶች አሉ። እነሱም አባል ባይሆኑ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ማረፊያ ላጡት ማቴዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲ መጠለያ እንዳለው፣ ሕመሙ ለጸናባቸው ደግሞ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ለቤት እየሄደ ሥቃይ የሚያስታግስ እንክብካቤ እንደሚያደርግ ማወቅ ጠቃሚ ነው።

6ኛ/ ገና ላልታመሙት

ይህን ሳልናገር ብወርድ ጥፋት ይሆናል። የማኅፀን በር ካንሰር ሳይደርስ ሊያዝ የሚችል በሽታ ነው። ከ30 ዓመት በላይ የሆናችሁ ሴቶች ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ። ምርመራው ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ ቀብቶ ማየት ሲሆን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው እህቶች በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው 6 እጥፍ ስለሆነ ቀደም ብለው ይጀምሩ። ለልጃገረዶችም በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ክትባት ይሰጣል። መካን ያደርጋል የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ዕቅድ ከ100 ልጃገረዶች 90ዎቹ 15 ዓመት ሳይሞላቸው እንዲከተቡ፣ ከ100 ሴቶች 70ዎቹ እንዲመረመሩ፣ የታመሙትም ከ100 90ዎቹ እንዲታከሙ ይላል። የእኛ ሰፈር ድርሻ ልጆቹን መላክ ነው።

7ኛ/ የውሳኔ ሐሳቦች

ማኅበራችን የተቋቋመው ለመረዳዳት ነው። ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ሰው ሲሞትብን ድንኳን በአንድ ሰዓት ውስጥ እንተክላለን፤ በሕይወት ላለች በሽተኛ ግን አንድ ጀሪካን ውኃ ለማቅረብ ደንብ የለንም። ለሞተ የምንሮጠውን ሩጫ ግማሹን ለታመመ ብናደርገው ስንቱን እናቆየው ነበር? ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተሉትን ያቀርባል፦

1/ በካንሰርም ሆነ በሌላ ከባድ በሽታ ታክሞ በማገገም ላይ ያለ አባል ከቀብርና ከስብሰባ ቢቀር እንዳይቀጣ፤ በመዝገቡም ላይ «ቀሪ» ሳይሆን «በፈቃድ» ተብሎ እንዲጻፍ። የበሽታው ስም አይጻፍም።

2/ ሁለት እናቶች የሴቶች ተጠሪ ሆነው እንዲመረጡ። የታመመች አባል የምትነግረው ለእነሱ ነው። እነሱም ለእኔ የሚነግሩኝ «እገሊት በፈቃድ ናት» የሚለውን ብቻ ነው። ከእንግዲህ ለወንድ ጸሐፊ ምን ልበል ብላ የምትጨነቅ አትኑር።

3/ ወጣቶች በየመንገዱ ተራ ወጥተው ለታካሚዎች ውኃ እንዲቀዱ፤ በቀጠሮ ቀንም አንድ ሰው አብሮ እንዲሄድ።

4/ ከዚህ በፊት በሕመም ምክንያት የቀሩ አባላት ቅጣታቸው እንዲመለስና የተጻፈባቸው «ቀሪ» በኮሚቴው ፊት፣ ስማቸው ሳይነበብ፣ እንዲሰረዝ።

5/ ለታካሚዎች ትራንስፖርትና ለምርመራ የሚውል በወር ከአንድ ቤት 10 ብር እንዲዋጣ። እኛ 180 ቤት ነን፤ በወር 1,800 ብር ይሆናል። ለአንድ ሰው ብዙ ነው፤ ለ180 ሰው ግን የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ እንኳ አይሆንም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ይኸው ነው።

ከ5ቱ ሐሳቦች ከአንዱ ጋር የማይስማማ ካለ ተነሥቶ ይናገር፤ እንከራከርበታለን። ስለ 4ኛው ግን አንድ ልመና አለኝ። መዝገቡን ይዤ መጥቻለሁ፤ እስክሪብቶውም እጄ ላይ ነው። ዛሬ ሳልሰርዘው ወደ ቤቴ እንዳትመልሱኝ።



የማኅበሩ ጸሐፊ